የኦሪት ትምህርትና የበዓል መርሐ ግብር በኢንተርኔት ማዳረስ፦ ለቤተ እስራኤል ማኅበራት፣ ለምኩራቦችና ለመምህራን የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

በእስራኤል ካሉ የቤተ እስራኤል ማኅበራት፣ ከምኩራብ አስተባባሪዎችና ከመምህራን ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ትምህርታችንን በአማርኛ በኢንተርኔት ማዳረስ እንፈልጋለን፤ በዩቲዩብ እንጀምር፣ በቴሌግራም ወይስ በዋትስአፕ?» መልሴ ሁልጊዜ ሌላ ጥያቄ ነው፦ ትምህርቱን የሰማ ሰው መልእክት ቢልክልዎ ማን ይመልስለታል? የዚህ መመሪያ ቅደም ተከተል ከዚያ ይነሣል። ከታች ያለውን በተራ ከተከተሉ አንድ መምህርና ሁለት ረዳቶች ብቻ ያሉት ማኅበር እንኳ በየሳምንቱ አንድ አጭር የፓራሻ (በሳምንቱ የሚነበበው የኦሪት ክፍል) ትምህርት፣ በየበዓሉም አንድ መርሐ ግብር ሳይቋረጥ ሊያቀርብ ይችላል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- በደንብ የሚቀርጽ አንድ ስማርት ስልክ እና ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ።
- በኮሌታ ላይ የሚሰካ ማይክሮፎን። ከዝርዝሩ ውስጥ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው የመጀመሪያው ዕቃ ይህ ነው።
- በማኅበሩ ስም የወጣ ሲም ካርድ እና በማኅበሩ ስም የተከፈተ ኢሜይል።
- የዕብራይስጥ ቀን መቁጠሪያ። ሄብካል የተባለው ነጻ አገልግሎት በዓላቱን፣ የየሳምንቱን ፓራሻና በመረጡት ከተማ የሰንበት መግቢያ ሻማ የሚበራበትን ሰዓት ያሳያል፤ ከስልክዎ ካላንደር ጋርም ይገናኛል።
- የጽሑፍ ምንጭ። የኦሪቱንና የማብራሪያዎቹን የዕብራይስጥ ጽሑፍ ከሴፋሪያ በነጻ ማግኘት ይቻላል።
- የአማርኛና የዕብራይስጥ ፊደል በአንድነት የሚያሳይ የፊደል ዓይነት፤ የኖቶ ቤተሰብ ለሁለቱም ይሠራል።
- ጽሑፉን ከመውጣቱ በፊት የሚያነብ ቄስ (የቤተ እስራኤል ካህን) ወይም ረቢ (የአይሁድ ሃይማኖት መምህር)፣ ከተቻለም ሁለቱም።
- የተቀራጮችን ፈቃድ የሚመዘግብ የአንድ ገጽ ቅጽ።
- ለጥያቄ መልስ የሚሰጥ አንድ ሰው እና የእርሱ ተተኪ።

1. መልስ የሚሰጠውን ሰው ይሰይሙ

ምንም አካውንት ከመክፈትዎ በፊት ለገቢ መልእክቶች ኃላፊ የሚሆን ሰው በስሙ ይወስኑ፤ በሳምንት የትኞቹን ቀናት፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚመልስም ይጻፉ። ይህ ከሁሉ የሚቀድመው ትምህርት ሰምቶ የሚጽፍልዎ ሰው ብዙ ጊዜ ፓራሻውን ሳይሆን የራሱን ጉዳይ ስለሚጠይቅ ነው፦ ለእናቱ የሐዘን ጸሎት የሚደርስበትን ምኩራብ፣ ለልጁ የባር ሚጽዋ (ልጁ ለትእዛዛት ኃላፊ የሚሆንበት ሥርዓት) ዝግጅት፣ ወይም በአዲስ ሠፈር ሰንበትን ከማን ጋር እንደሚያሳልፍ። ይህ ሰው ለሁለት ሳምንት መልስ ካጣ ትምህርቱ የቱንም ያህል ቢያምር ተመልሶ አይመጣም።

መላሹ ሦስት ዓይነት ጥያቄዎችን እንዲለይ ያዘጋጁት። የሥርዓት ጥያቄ ወደ ረቢው ወይም ወደ ቄሱ ይተላለፋል። የማኅበራዊ ኑሮ ጥያቄ ወደሚመለከተው ሠራተኛ ይመራል። ከአይሁድ ማኅበረሰብ ውጭ ሆነው «አይሁዳዊ መሆን እፈልጋለሁ» የሚሉ ሰዎች ደግሞ በርግጥ ይጽፉልዎታል፤ ለእነርሱ ጨዋና አጭር የሆነ አንድ መልስ አስቀድሞ ይዘጋጅ፤ የማኅበሩ ትምህርት ለአይሁድ ማኅበረሰብ የተዘጋጀ መሆኑንና ወደ ሃይማኖቱ የመግባት ጉዳይ በረቢዎች ፍርድ ቤት ብቻ የሚታይ መሆኑን የሚገልጽ። መልሱ ተዘጋጅቶ ካልተቀመጠ እያንዳንዱ ረዳት በየፊናው ተስፋ ይሰጣል።

2. ተደራሹን ለይተው አንድ ዋና መንገድ ይምረጡ

የአማርኛ ትምህርት አድማጮች አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ስለዚህ መንገዱ እንደየተቀባዩ ይመረጣል።

በእስራኤል ያሉ አረጋውያን ብዙዎቹ አማርኛን ወይም ትግርኛን አጥርተው ይሰማሉ፤ ማንበብ ግን ለሁሉም ቀላል አይደለም። ለእነርሱ የሚሻለው በዋትስአፕ የሚላክ የድምፅ መልእክት ነው፤ የልጅ ልጅ አንድ ጊዜ ካስገባቸው በኋላ አንድ ነገር ተጭነው ይሰማሉ። በእስራኤል ተወልደው ያደጉ ወጣቶች በተቃራኒው አማርኛውን ቢሰሙም ፊደሉን የማያነቡ ብዙ ናቸው፤ ለእነርሱ የዕብራይስጥ መግለጫ ጽሑፍ ያለው አጭር ቪዲዮ ያስፈልጋል። በጎንደርና በአዲስ አበባ ለሚገኙ የማኅበረሰቡ አባላት ቴሌግራም ይስማማል፤ አዲስ የገባ ሰው የቀድሞዎቹን ትምህርቶች ሁሉ ወደኋላ ሄዶ ማግኘት ስለሚችልና የሚፈልገውን ብቻ አውርዶ የኢንተርኔት ወጪውን መቆጠብ ስለሚችል ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ላሉት ዩቲዩብ በቂ ነው።

ለመጀመሪያዎቹ ወራት አንድ ዋና መንገድ ብቻ ይያዙ፤ ሌሎቹን ወደዚያ የሚመሩ ምልክቶች አድርገው ይጠቀሙባቸው። አራት ገጽ ከፍቶ ሦስቱን ባዶ ከማስቀመጥ አንዱን ሞልቶ መያዝ ይሻላል፤ ባዶ ገጽ የሚያይ ሰው ማኅበሩ የተዘጋ ይመስለዋል።

ዋትስአፕን ከመረጡ በሦስቱ ዓይነቶች መካከል ያለውን ልዩነት ይወቁ። በግሩፕ ውስጥ የእያንዳንዱ አባል ስልክ ቁጥር ለሁሉም ይታያል፤ ይህ ለማያውቁት ሕዝብ በተከፈተ ግሩፕ አደጋ አለው። የብሮድካስት ዝርዝር ቁጥሮቹን ይሰውራል፣ ነገር ግን መልእክቱ የሚደርሰው የማኅበሩን ቁጥር በስልካቸው ላስመዘገቡ ሰዎች ብቻ ነው፤ «አልደረሰንም» የሚለው ቅሬታ በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው። ቻናል ደግሞ የተከታዮቹን ቁጥር ለሌሎች ተከታዮች አያሳይም። ስለዚህ ለትምህርቱ ቻናል ወይም ብሮድካስት፣ ተዋውቀው ለሚማሩ ጥቂት ሰዎች ብቻ ግሩፕ ይጠቀሙ።

3. አካውንቶቹን በማኅበሩ ስም ይክፈቱ

ኢሜይሉም ስልክ ቁጥሩም የማኅበሩ ይሁኑ፤ የበጎ ፈቃደኛው ወጣት የግል ስልክ አይሁን። ወጣቱ ወደ ሠራዊት ሲገባ ወይም ሥራ ሲቀይር ገጹ ከነተከታዮቹ አብሮት ይሄዳል። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ያብሩ፤ የመጠባበቂያ ኮዶቹን በወረቀት አትመው በማኅበሩ ቢሮ ይቆልፉ። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ቢያንስ ሁለት አስተዳዳሪዎች ይኑሩ።

በገጹ መግለጫ ላይ ማን እንደሆኑ፣ ለማን እንደሚያስተምሩ፣ መልስ በምን ቀናት እንደሚሰጥ፣ እንዲሁም በሰንበትና በበዓላት መልስ እንደማይሰጥ ይጻፉ። ዩቲዩብ ላይ ወደፊት ቀጥታ ለማስተላለፍ ካሰቡ ፈቃዱን ዛሬውኑ ይጠይቁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ እስከ 24 ሰዓት ሊወስድ ስለሚችል በበዓሉ ዋዜማ መጠየቅ ዋጋ የለውም።

4. የዓመቱን መርሐ ግብር በዕብራይስጥ ቀን መቁጠሪያ ይሥሩ

በመጀመሪያ የማይሠራባቸውን ቀናት ያጥቁሩ፦ ሰንበታትን ሁሉ እና ሥራ የተከለከለባቸውን በዓላት። ከእስራኤል ውጭ ተከታይ ካለዎት በእስራኤል አንድ ቀን የሚከበረው ሻቩዖት (የሳምንታት በዓል) በውጭ ሁለት ቀን፣ ሰባት ቀን የሆነው ፋሲካም (ፔሳሕ) ስምንት ቀን መሆኑን አይርሱ። ቀጥሎ የማኅበረሰቡን የራሱን ቀናት ያስገቡ፦ ከአስተሰርዮ (ዮም ኪፑር) በኋላ በ50ኛው ቀን፣ ሔሽቫን 29 የሚውለውን ስግድን፣ እንዲሁም በሱዳን በኩል ወደ ኢየሩሳሌም ሲጓዙ ያለፉት ወገኖች የሚታሰቡበትን ኢያር 28ን። ከዚህ በኋላ ብቻ የየሳምንቱን ፓራሻ ይደልድሉ።

ሰዓት ላይ የሚፈጠረው ስሕተት ከሁሉም ይበዛል። «ማታ 2 ሰዓት» ብለው ከጻፉ የኢትዮጵያን አቆጣጠር የለመደ ሰው 20:00 ይለዋል፤ በእስራኤል ያደገ ልጅ ደግሞ ሌሊት 2:00 ሊለው ይችላል። በዚያ ላይ እስራኤል በበጋና በክረምት ሰዓቷን ትቀይራለች፣ ኢትዮጵያ ግን አትቀይርም። ስለዚህ በእስራኤል ክረምት (ከጥቅምት እስከ መጋቢት) በእስራኤል 20:00 የሚጀምር ትምህርት በአዲስ አበባ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፤ በእስራኤል በጋ ግን እዚያም ከምሽቱ 2 ሰዓት ይሆናል። ኒው ዮርክ አብዛኛውን ዓመት ከእስራኤል በ7 ሰዓት ወደኋላ ትቀራለች፤ በመጋቢትና በጥቅምት አካባቢ ሁለቱ አገሮች ሰዓታቸውን በተለያየ ቀን ስለሚቀይሩ ለጥቂት ጊዜ ልዩነቱ 6 ሰዓት ይሆናል። መፍትሔው ማስታወቂያው ላይ ሰዓቱን በየአገሩ ለይቶ መጻፍ ነው፦ «በእስራኤል 20:00፣ በአዲስ አበባ ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ በኒው ዮርክ 13:00»።

5. ጽሑፉን ያዘጋጁና ያስመርምሩ

አንድ ትምህርት አንድ ሐሳብና አንድ ጥያቄ ብቻ ይያዝ። ጥያቄው ያስፈለገው ትምህርቱ ከስልኩ ወጥቶ የሰንበት ማዕድ ላይ እንዲደርስ ነው። ለምሳሌ ለፓራሻ «ሌኽ ሌኻ» እንዲህ ያለ መልእክት ይበቃል፦

«የዚህ ሳምንት ፓራሻ ሌኽ ሌኻ ነው፤ ዘፍጥረት ከ12፥1 ይጀምራል። አብራም አገሩን፣ ዘመዶቹንና የአባቱን ቤት ትቶ እንዲወጣ ሲታዘዝ የሚሄድበት ምድር ስም አልተነገረውም፤ "ወደማሳይህ ምድር" ብቻ ተባለ። በዚህ ሰንበት ማዕድ ላይ ልጆች አያቶቻችሁን ጠይቁ፦ ከመንደራችሁ ስትነሡ ይዛችሁት የወጣችሁት ነገር ምን ነበር? ጥለነው መጣን የምትሉትስ?»

ይህ መልእክት ለአያትም ለልጅም ድርሻ ይሰጣል፤ አያቱ የሚናገሩት አላቸው፣ ልጁም የሚጠይቀው አለው። ማብራሪያውን ብቻ ብትልኩ ግን አንዱ ሰምቶ ይዘጋዋል።

ጽሑፉ ሲመረመር ሁለት ነገሮች በተለይ ይታዩ። የመጀመሪያው የመዝሙር ቁጥር ነው። በግዕዙ ዳዊትና እርሱን በሚከተሉ የአማርኛ እትሞች የአብዛኛው መዝሙር ቁጥር ከዕብራይስጡ በአንድ ያንሳል፤ በዕብራይስጡ 121 የሆነው «ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ» በግዕዙ 120 ነው። አያት በዳዊታቸው፣ የልጅ ልጅ በሲዱር (በዕብራይስጡ የጸሎት መጽሐፍ) ሲከፍቱ የተለያየ ገጽ እንዳያገኙ ሁለቱንም ቁጥር ይጻፉ። ሁለተኛው መለኮታዊው ስም ነው። ሰዎች አትመው የሚይዙት ወረቀት ካለ አራት ፊደል ያለውን የዕብራይስጥ ስም ሙሉውን አይጻፉ፤ በልማዱ «ሄ» በሚለው ፊደል ያሳጥሩት፤ የኦሪት ጥቅስ ካለበትም «ይህ ወረቀት አይጣልም፣ ወደ ግኒዛ (ያረጁ ቅዱሳት ጽሑፎች የሚቀመጡበት ስፍራ) ይመለስ» የሚል መስመር ከግርጌ ይጨምሩ።

ከሴፋሪያ ሲቀዱ በእያንዳንዱ እትም ላይ የተጻፈውን የአጠቃቀም ፈቃድ ያንብቡ። የጥንቱ ጽሑፍ ለሁሉም ነጻ ቢሆንም ዘመናዊው ትርጉም ወይም ማብራሪያ የባለቤት መብት ሊኖረው ይችላል።

6. ይቅረጹ

ሰው ደብዛዛ ምስልን ይታገሣል፤ የማይሰማ ድምፅን ግን ወዲያው ይዘጋዋል። ስለዚህ ምንጣፍና መጋረጃ ያለበትን ክፍል ይምረጡ፣ ማይክሮፎኑን ከአገጭ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ አድርገው ይሰኩ፣ የነጠላው ጠርዝ ማይክሮፎኑን እንዳይነካው ወደ ሌላው ትከሻ ያድርጉት። መጀመሪያ ግማሽ ደቂቃ ቀርጸው በጆሮ ማዳመጫ ሳይሆን በስልኩ የራሱ ድምፅ ማጉያ ይስሙት፤ አድማጮችዎ የሚሰሙት በዚያው ነው።

ርዝመቱ ከአምስት ደቂቃ አይለፍ። አንድ ጊዜ ቀርጸው ሁለት ነገር ያውጡ፦ ቪዲዮውን ለዩቲዩብ፣ ድምፁን ብቻ ለዋትስአፕና ለቴሌግራም። የድምፁ ፋይል ከቪዲዮው እጅግ ያነሰ በመሆኑ በደካማ ኔትወርክ ላይ ያለ ሰውም ያገኘዋል።

ከበስተጀርባ ዜማ ለማስገባት ከፈለጉ ጊዜውን ይመልከቱ። በፋሲካና በሻቩዖት መካከል ባለው የዖሜር ቆጠራ፣ እንዲሁም ከታሙዝ 17 እስከ አቭ 9 ባሉት ሦስት ሳምንታት የሙዚቃ መሣሪያ የማይሰሙ ብዙ ሰዎች አሉ፤ ያ መግቢያ ዜማ ትምህርቱን ሳይጀምሩት እንዲተዉት ያደርጋቸዋል። እኔ ብጠየቅ ዜማውን ዓመቱን ሙሉ ባይኖር እመርጣለሁ።

ቄሶችንና አረጋውያንን ሲቀርጹ ፈቃዱን ሁለት ጊዜ ይጠይቁ፤ አንዴ ከመቅረጽዎ በፊት፣ አንዴም የተቆረጠውን አሳይተው ከመልቀቅዎ በፊት። ስለ ሱዳን መንገድ የሚናገሩ ሰዎች በንግግር መካከል ልጃቸውን ወይም ወንድማቸውን የቀበሩበትን ስፍራ ሊያነሡ ይችላሉ። በዚያች ሰዓት የተናገሩትን ሁሉ ሕዝብ እንዲሰማው ይፈልጉ እንደሆነ በማግስቱ ተረጋግተው መወሰን አለባቸው። ቅጹን ማንበብ ለማይችሉ አረጋውያን በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይነበብላቸው፤ ቤተሰብም አብሮ ይስማ።

7. መግለጫ ጽሑፉንና ምስሉን ያሰናዱ

የዕብራይስጥ መግለጫ ጽሑፍ ለወጣቶቹ፣ የአማርኛው ደግሞ ድምፅ ከፍተው መስማት ለማይችሉት ያገለግላል። በማሽን የተተረጎመ ጽሑፍ ሰው ሳያርመው አይውጣ፤ የቦታና የበዓል ስሞችን በተለይ ያበላሻል።

አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚጻፍ ሁለቱን በአንድ መስመር ላይ ካቀላቀሉ ቁጥሮችና ነጥቦች ቦታቸውን ይለቃሉ፤ «12፥1» የነበረው ተገልብጦ ሊታይ ይችላል። ዕብራይስጡን ሁልጊዜ በራሱ መስመር ያስቀምጡ። ማስታወቂያውን ለሌላ ሰው ሲልኩም በምስል አስቀምጠው ይላኩ፤ ፊደሉ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት አማርኛው ወደ ባዶ ሳጥኖች ይለወጣል።

8. ይልቀቁ

ለሳምንታዊው ፓራሻ ሐሙስ ማታ የተሻለ ቀን ነው። ዓርብ ቀን ቤቱ ሁሉ በሰንበት ዝግጅት ላይ ነው፤ ረቡዕ የተላከው ደግሞ እስከ ማዕዱ ድረስ ይረሳል። ቴሌግራም መልእክትን ለወደፊት ሰዓት ቀጥሮ ማስቀመጥ ይችላል፤ ፌስቡክ ላይ በሜታ ቢዝነስ ስዊት፣ ዩቲዩብ ላይም በራሱ ገጽ ይህንኑ ማድረግ ይቻላል።

ከሰንበት በኋላ የሚወጣውን ቅዳሜ ማታ በእስራኤል ሰዓት አይልቀቁ፤ በዚያ ሰዓት በአሜሪካ ገና ሰንበት ነው። እሑድ ጠዋት 8:00 በእስራኤል ሰዓት ቢሆን በሎስ አንጀለስም ሰንበት ወጥቷል። ቀድሞ የተቀጠረ መልእክት በሰንበት ቀን ራሱን ችሎ እንዲወጣ ማድረግ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ረቢዎን ይጠይቁ፤ እርሳቸው ቢፈቅዱ እንኳ ተከታዩ የተቀጠረ መሆኑን ስለማያውቅ ማኅበሩ ሰንበትን የሻረ ሊመስለው ይችላል።

ዩቲዩብ ቪዲዮው «ለልጆች የተሠራ» መሆን አለመሆኑን ሲጠይቅ በእውነት ይመልሱ። ለልጆች ነው ካሉ የአስተያየት መስጫው ይዘጋል፤ ስለዚህ የልጆቹን ትምህርትና የአዋቂዎቹን ለያይተው ያስቀምጡ።

9. ዓርብ ከመጨለሙ በፊት ገጹን ይዝጉ

ብዙ ማኅበራት የሚዘነጉት ደረጃ ይህ ነው። ከዓርብ ምሽት እስከ ቅዳሜ ማታ፣ 25 ሰዓት ያህል፣ ገጽዎ ያለ ጠባቂ ይቆማል፤ ስድብ፣ የጥላቻ ጽሑፍና የሚስዮናውያን ሊንክ ሊለጥፉ የሚፈልጉ ሰዎችም ይህን ያውቃሉ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ በዩቲዩብ ላይ አስተያየቶች ሁሉ ሳይታዩ ተይዘው እንዲቆዩ ያድርጉ፣ በቴሌግራም ግሩፕ ላይ የአባላትን የመጻፍ ፈቃድ ይዝጉ፣ በዋትስአፕ ግሩፕም «አስተዳዳሪዎች ብቻ ይልካሉ» የሚለውን ያብሩ።

ሰዓቱን የሚወስኑት በሚኖሩበት ከተማ ነው። ሻማ የሚበራው በልማድ ፀሐይ ከመጥለቋ 18 ደቂቃ፣ በኢየሩሳሌም ደግሞ 40 ደቂቃ ቀደም ብሎ ነው፤ ገጹን ከዚያም ቢያንስ አንድ ሰዓት አስቀድመው ይዝጉ፤ በመጨረሻው ደቂቃ ላይ የይለፍ ቃል ጠፋ ማለት የሰንበትን መግቢያ ያውካል።

10. የቀጥታ ትምህርት ያዘጋጁ

በወር አንድ ጊዜ በዙም መገናኘት ይበቃል። ነጻው አገልግሎት በ40 ደቂቃ ይቆረጣል፤ ይህን እንደ ጥሩ ልጓም ይውሰዱት፤ 25 ደቂቃ ትምህርት፣ ቀሪው ጥያቄ ይሁን።

በ2020 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. የአይሁድ ማኅበራት የዙም ስብሰባዎች በጥላቻ ጩኸትና ምስል ተደጋግመው ተረብሸዋል። ስለዚህ ሊንኩን በይፋዊ ገጽ ላይ አይለጥፉ፤ ሰዎች በፎርም ተመዝግበው በግል ይላክላቸው። የመቆያ ክፍሉን ያብሩ፣ ስክሪን የማጋራትን ፈቃድ ለአስተናጋጁ ብቻ ያድርጉ፣ ሁሉም ሲገባ ድምፁ ይዘጋ። መምህሩ እያስተማረ በር መጠበቅ አይችልምና የሚያስገባና የሚያስወጣ ሌላ ሰው ይመድቡ። በመመዝገቢያው ፎርም ላይ «ስለዚህ ትምህርት ከየት ሰሙ?» የሚል አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፤ የትኛው መንገድ ሰው እንደሚያመጣ የሚነግርዎ ከተመልካች ቁጥር ይልቅ ይህ ነው።

11. ወደ ፊት ለፊት ግንኙነት ያሻግሩ

ሦስት ጊዜ ጥያቄ የላከ ወይም ሁለት የዙም ትምህርት የተከታተለ ሰው ስልክ ይደወልለት። የሚኖርበትን ከተማ ጠይቀው ቅርብ ከሆነው ምኩራብ፣ የጥናት ክበብ ወይም ለሰንበት ማዕድ ከሚቀበለው ቤተሰብ ጋር ያገናኙት። ለአረጋውያን ይህን ጥሪ የሚያደርገው «አባ» እና «እማማ» ብሎ፣ ጤንነታቸውን በወጉ ጠይቆ የሚጀምር ሰው ይሁን፤ እንደ ስልክ ሻጭ በችኮላ የሚያወራ ከሆነ ጥሪው ባይደረግ ይመረጣል። በወሩ መጨረሻ የሚቆጠረው ስንት ጥያቄ መጣ፣ ስንቱ ተመለሰ፣ ስንት ሰው በአካል ተገኘ የሚለው ነው።

አሠራሩ በስግድ ላይ ሲታይ

ስግድ በ2008 እ.ኤ.አ. በክኔሴት (በእስራኤል ፓርላማ) ሕግ ብሔራዊ በዓል ከሆነ ወዲህ ትምህርት ቤቶችና ሌሎች የአይሁድ ማኅበረሰቦችም ስለ በዓሉ የሚያስተምሩበትን ነገር ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ በዓመቱ ውስጥ ገጽዎ ከሁሉ ይበልጥ የሚጎበኝበት ሳምንት ይህ ሊሆን ይችላል። ከአስተሰርዮ በኋላ ያሉትን 50 ቀናት ይጠቀሙባቸው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ ቄስ በዓሉን በአማርኛ የሚያብራሩባቸውን አራት ወይም አምስት አጫጭር ቅጂዎች ይጨርሱና የዕብራይስጥ ጽሑፍ ይጨምሩባቸው። ሁለት ሳምንት ሲቀረው ለመምህራን የሚሆን አንድ ገጽ ወረቀት፣ የነህምያን 8 እና 9 ምንባብ የያዘ፣ ከቅጂዎቹ ጋር ይላኩ፤ መምህራን የሳምንታቸውን ዕቅድ አስቀድመው ስለሚያወጡ በዋዜማው የደረሰ ነገር አይጠቅማቸውም።

በዕለቱ በኢየሩሳሌም በአርሞን ሃናጺቭ ጎዳና ላይ ሆነው ቀጥታ ለማስተላለፍ ካሰቡ ይጠንቀቁ። ብዙ ሕዝብ በተሰበሰበበት ኮረብታ ላይ የስልክ ኔትወርክ ይጨናነቃል፣ ነፋሱም ማይክሮፎኑን ይሸፍናል። ቀርጾ ማታ መልቀቅ ይሻላል፤ በማይክሮፎኑ ላይ የነፋስ መከላከያ ስፖንጅ ያድርጉ። ቄሶቹ በግዕዝ የሚያነቡትን ሲቀርጹ ከነአማርኛ ትርጓሜያቸው ሳይቆርጡ ይያዙት፤ የግዕዙን ድምፅ ብቻ የለቀቁ እንደሆነ ወጣቱ ዜማውን ሰምቶ ያልፋል። ብዙዎች እስከ ከሰዓት በኋላ የሚጾሙ በመሆኑ የዳቦውንና የማዕዱን ሥዕል ጾሙ ሳይፈታ አይለጥፉ።

የተለመዱ ስሕተቶች

- የምኩራቡን የሰንበት ጸሎት የሚያሳይ ፎቶ መለጠፍ። ፎቶው በሰንበት እንደተነሣ ግልጽ ስለሆነ የሚጠብቁትን ሰዎች ያርቃል፤ ዓርብ ከሰንበት በፊት ወይም በሥራ ቀን የተነሣ ይጠቀሙ።
- ትምህርቱን ሁሉ በገንዘብ ልመና መጨረስ። ልመናው በዓመት በታወቁ ጊዜያት ብቻ፣ በራሱ መልእክት ይምጣ።
- በአስተያየት መስጫ ላይ የሃይማኖት ክርክር ውስጥ መግባት። አንድ ጊዜ በትሕትና መልሰው ይዝጉት፤ ክርክሩ በረዘመ ቁጥር ገጹ ለትምህርቱ ላልመጡ ሰዎች መድረክ ይሆናል።
- የማኅበረሰቡ አባላት ስድብ አድርገው የሚቆጥሩትን የድሮ መጠሪያ ሰው ይፈልገዋል በሚል ርዕስ ላይ ማስገባት።

ማስጠንቀቂያዎች

የልጆች ፊት ያለ ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ አይውጣ፤ የልጁ ሙሉ ስም፣ ትምህርት ቤትና ሠፈር ከፎቶው ጋር አብሮ አይጻፍ። 13 ዓመት ያልሞላቸውን ልጆች በቀጥታ በግሩፕ ውስጥ ከማስገባት በወላጆቻቸው ስልክ ይላኩላቸው።

የሕንጻው መግቢያ፣ የጥበቃው ቦታና የካሜራዎቹ አቀማመጥ በምስል ላይ አይታዩ። የስብሰባ ትክክለኛ አድራሻ ለተመዘገቡ ብቻ ይላክ፤ «አሁን እዚህ ነን» የሚል ሥዕልም መርሐ ግብሩ ካለቀ በኋላ ይለጠፍ። ማስፈራሪያ ከመጣ አያጥፉት፤ ፎቶውን አንሥተው ለፖሊስ ያቅርቡ፣ ከዚያ በኋላ ይሰውሩት።

በጎንደርና በአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ለመሄድ የሚጠባበቁ ሰዎች የማኅበሩን ስም ያምናሉ፤ አጭበርባሪዎችም በተመሳሳይ ስምና ዓርማ ገጽ ከፍተው ገንዘብ ሊጠይቁ ይችላሉ። በገጽዎ አናት ላይ «ለጉዞ ወይም ለወረፋ ገንዘብ አንቀበልም፤ የፓስፖርትና የቤተሰብ ሰነድ በመልእክት አንጠይቅም» የሚል መልእክት ሰክተው ያስቀምጡ። መላሽዎም ሰነድ ሳይጠየቅ ቢላክለት ለላኪው አስታውቆ ወዲያው ከስልኩ ያጥፋው፤ ስለ ጉዞ ጉዳይም ሰውየውን ወደ ሕጋዊው መሥሪያ ቤት ከመምራት ያለፈ አንዳች ተስፋ አይስጥ።